ቃጫ የገባበት ፕላስቲክ፤ የሚችለውና የማይችለው



ዛሬ ልነግራችሁ ያሰብሁት ስለ አንድ የዕቃ መሥሪያ ድብልቅ ነው። ስሙን ለማሳጠር «ቃጫ የገባበት ፕላስቲክ» እለዋለሁ። ቃጫ ስልም ከእንሰት የሚገኘውን ብቻ ማለቴ አይደለም፤ ሲሳሉን፣ የተልባውን አገዳ ልጥ፣ ጁቱን፣ የኮኮነቱን ገለባ ጭምር በዚሁ ስም እጠራለሁ። ከእንጨት መሰንጠቂያ የሚወርደው ሰጋቱራም የዚሁ ወገን ነው። እነዚህ ሁሉ ከቀለጠ ፕላስቲክ ጋር ተደባልቀው በቅርጽ ማውጫ ውስጥ ሲጨመቁ የአውቶሞቢል በር ውስጠኛ ገጽ፣ የወለል ሳንቃ፣ የወንበር መደገፊያና ሌላም ብዙ ዕቃ ይወጣቸዋል።

ይህን ርእስ የመረጥሁት ያለ ምክንያት አይደለም። የመሥሪያ ቤት ግዥ የሚያከናውን፣ የሕንፃ ሥራ የሚቈጣጠር፣ ወይም ፋብሪካ ለማቋቋም የቀረበ ማመልከቻ የሚመረምር ሰው ሁሉ አንድ ቀን ይህ ዕቃ በጠረጴዛው ላይ መቅረቡ አይቀርም። ሻጩም ይዞት የሚመጣው ወረቀት «ጠንካራ፣ ቀላል፣ ሙቀት የሚችል፣ ከተፈጥሮ የተገኘ» የሚሉ አራት ቃላት ይኖሩታል። አራቱም ቃላት ሐሰት አይደሉም። ነገር ግን እያንዳንዱ ቃል በአንድ ሁኔታ እውነት ሆኖ በሌላው ሁኔታ እውነት የማይሆንበት ጊዜ አለ። የበር መሸፈኛ ቢሰነጠቅ ጉዳቱ የገንዘብ ነው፤ የትምህርት ቤት ደረጃ መደገፊያ ቢሰነጠቅ ግን ጉዳቱ የልጅ ክንድ ወይም የልጅ ነፍስ ነው። ስለዚህ ቃላቱን አንድ በአንድ መመርመር ይገባል።

አስቀድሜ አንድ ማስታወሻ ልስጥ። በዚህ ንግግር የምጠራቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።

የነገሩ ሥረ መሠረት ለእኛ እንግዳ አይደለም። ጭቃ ቤት ሲመረግ ጭቃው ከጤፍ ጭድ ጋር ተረግጦ ይቦካል። ጭድ ያልገባበት ጭቃ ሲደርቅ ይሰነጣጠቃል፤ ጭድ የገባበት ግን ስንጥቁ ገና ሲጀምር ጭዱ ከወዲያና ከወዲህ ይዞ ያቆመዋል። ጭቃው ሲጨመቅ ይችላል እንጂ ሲሳብ አይችልም፤ መሳቡን የሚችለው ጭዱ ነው። እንግዲህ አንዱ የሌላውን ጉድለት ሞልቶ ሁለቱም በየግላቸው የማይሠሩትን ሥራ በአንድነት ይሠራሉ ማለት ነው። መሐንዲሶች ዛሬ በፕላስቲክና በቃጫ የሚያደርጉት ይህንኑ ነው። ልዩነቱ ጭቃ ጭድን በቀላሉ ሲይዝ ፕላስቲክ ግን ቃጫን በቀላሉ አለመያዙ ነው፤ ወደዚህም በኋላ እመለሳለሁ።

በፋብሪካ ደረጃ ሥራው የተጀመረው በሃያኛው ምዕተ ዓመት መባቻ ነው። በቤልጅየም ተወልዶ በአሜሪካ የሠራው የኬሚስትሪ ሊቅ ሌኦ ቤክላንድ ከፌኖልና ከፎርማልዴሃይድ የሚሠራውን ሙጫ በሙቀትና በግፊት የማጠንከሩን ዘዴ በ1907 ለፈጠራ መብት አቀረበ፤ ቤክላይት የተባለው ፕላስቲክ ይህ ነው። ሙጫው ብቻውን ሲጠነክር እንደ ብርጭቆ ተሰባሪ ስለ ነበረ የደቀቀ የእንጨት ዱቄት ይገባበት ጀመር። የጥንቱ ጥቁር የስልክ እጀታና የኤሌክትሪክ ማብሪያ ማጥፊያ የተሠሩት ከዚህ ድብልቅ ነው። ይህን ዕቃ በእጃቸው የያዙ አዛውንት እንጨት የገባበት ፕላስቲክ ይዘው እንደ ነበር የሚያውቁ አይመስለኝም።

ከዚያ ወዲህ ካሉት ምሳሌዎች ሁሉ ይልቅ ትምህርት የሚሆነው የትራባንት አውቶሞቢል ነው። ይህ ትንሽ መኪና በምሥራቅ ጀርመን በጽቪካው ከተማ ከ1957 እስከ 1991 ድረስ ተሠርቷል፤ ብዛቱም ከ3 ሚሊዮን በላይ ነበረ። አገሪቱ የብረት ቆርቆሮ እጥረት ስለ ነበረባት የመኪናው በሮች፣ ጣራውና የጭቃ መከላከያዎቹ ከሶቪየት ኅብረት በመጣ የጥጥ ተረፈ ምርትና በፌኖል ሙጫ ተሠሩ። ሰዎች መኪናውን የካርቶን መኪና እያሉ ቢቀልዱበትም፣ ያ «ካርቶን» የተባለው ልብስ ዝገት አያውቀውም ነበር። ዝገት የሚያገኘው በስተ ውስጥ ያለውን የብረት አጥንት ነው። እዚህ ላይ ልብ ይባል፤ የትራባንት ሠሪዎች ቃጫ የገባበትን ፕላስቲክ ለልብስነት እንጂ ለአጥንትነት አላዋሉትም። በእኔ አስተያየት ይህ አመዳደብ እስከ ዛሬ ድረስ ትክክል ነው።

አሁን ወደ መጀመሪያው ቃል፣ ወደ ጥንካሬ እንምጣ።

አንድ ካሬ ሳንቲ ሜትር ውፍረት ያለው የፖሊፕሮፒሊን ዘንግ ቢሳብ የሚበጠሰው ወይም ተስቦ መልኩን የሚለውጠው ከ300 እስከ 350 ኪሎ ግራም በሚደርስ ኃይል ነው። ፖሊፕሮፒሊን ማለት ባልዲው፣ የወንበሩ መቀመጫና የማዳበሪያው ጆንያ የሚሠሩበት የተለመደው ፕላስቲክ ነው። የሲሳል ቃጫ በዚያው ውፍረት ቢታሰብ ከ4,000 እስከ 7,000 ኪሎ ግራም ይችላል። የብርጭቆ ክር ደግሞ ከ20,000 ያልፋል። በዚህ ሚዛን ብርጭቆው ያሸንፋል፤ የሚያከራክር ነገር የለውም።

ነገር ግን ዕቃ የሚመረጠው በጥንካሬ ብቻ አይደለም፤ ሳይጐብጥ መቆሙም፣ ማለት ግትርነቱ፣ ይታያል። ደግሞ የክብደት ነገር አለ። ብርጭቆ ከውሃ ሁለት እጥፍ ተኩል ያህል ይከብዳል፤ የተልባና የሲሳል ቃጫ ግን ከውሃ የሚከብዱት በግማሽ ያህል ብቻ ነው። ጥሩ የተልባ ቃጫ ግትርነቱ ከፖሊፕሮፒሊን 40 እጥፍ ገደማ ሲሆን የብርጭቆ ክር ከ50 እጥፍ በላይ ይሆናል። ይሁን እንጂ ሁለቱን በእኩል ክብደት ብናወዳድር ተልባው ከብርጭቆው እኩል ይሆናል፣ እንዲያውም ይበልጣል። የአውቶሞቢል ፋብሪካዎችን የሳበው ይኸው ነው፤ መኪና ሲቀልል ነዳጅ ይቈጥባልና። እኛ ተልባን የምንዘራው ለፍሬው ነው። አውሮፓውያን ለቃጫው የሚዘሩት ዐይነት ግን አገዳው የሚረዝም ነው።

ከቃጫ ቃጫ መለያየቱ ከወዴት መጣ? የዕፅዋት ቃጫ ኃይሉ ሴሉሎስ በሚባለው ንጥረ ነገር ነው። ሴሉሎሱ በቃጫው ግድግዳ ውስጥ እንደ ጥምጥም ክር ዙሪያውን ተጠምጥሞ ይገኛል። በተልባ ውስጥ ጥምጥሙ ወደ ቁመቱ የተዘረጋ ያህል ቀጥ ያለ ስለ ሆነ ሲሳብ ወዲያው ሸክሙን ይይዛል። በኮኮነት ገለባ ውስጥ ግን ጥምጥሙ በጣም ያጋደለ ስለ ሆነ እንደ ጠመዝማዛ ሽቦ መጀመሪያ ይለጠጣል፤ ስለዚህ ለፍራሽና ለምንጣፍ መልካም ሲሆን ለግትርነት አይረዳም። ሲሳል በሁለቱ መካከል ነው። «የዕፅዋት ቃጫ ገብቶበታል» የሚል ወረቀት ሲቀርብ የየትኛው ዕፅ ብሎ መጠየቅ የሚያስፈልገው ለዚህ ነው።

ከላይ የተናገርሁት ስለ ቃጫው ብቻ ነው። ቃጫው ፕላስቲክ ውስጥ ሲገባ ግን ሌላ ጣጣ ይመጣል። የዕፅዋት ቃጫ ውሃ ይወዳል፤ ፖሊፕሮፒሊን ግን የዘይት ወገን ስለ ሆነ ውሃን ይሸሻል። ስለዚህ ሁለቱ ቢደባለቁም አይዋደዱም። የተሰበረ ድብልቅ በማጉያ መነጽር ሲታይ ይህ ይገለጻል፤ ቃጫው ሳይበጠስ ሙልጭ ብሎ ከፕላስቲኩ ወጥቶ፣ የነበረበት ቀዳዳ ባዶውን ይታያል። ጥንካሬው ሳይሠራበት ቀረ ማለት ነው።

መድኃኒቱ በሁለት በኩል ተገኝቷል። አንደኛው ቃጫውን በኮስቲክ ሶዳ ውሃ ዘፍዝፎ ማጠብ ነው። በዚህ ጊዜ በላዩ ያለው ሰምና ሌላው ልጣጭ ይወገድና ገጹ ሻካራ ይሆናል። ዘዴው አሮጌ ነው፤ እንግሊዛዊው ጆን መርሰር ለጥጥ ጨርቅ የፈጠራ መብት ያገኘበት በ1850 ነበር። ሁለተኛው ከፕላስቲኩ ጋር አስታራቂ ኬሚካል መጨመር ነው። ማሌይክ አንሃይድራይድ የተባለው ንጥረ ነገር ከፖሊፕሮፒሊን ጋር ተጣብቆ ሲጨመር አንደኛው ወገኑ ቃጫውን ይይዛል፤ ሌላው ወገኑ ከፕላስቲኩ ጋር ይዋሐዳል። ከመቶ ጥቂት እጅ ብቻ ቢጨመር ልዩነቱ ከፍ ያለ ነው። እንደ ሽማግሌ ነው ብንል አንሳሳትም፤ ቍጥሩ ትንሽ ነው፣ ሥራው ግን ትልቅ ነው።

የቃጫው ርዝመትም እንዲሁ ነው። አንድ ገመድ ጫፉን ብቻ በሁለት ጣት ብትይዙትና ሌላ ሰው ቢስበው ሾልኮ ይወጣል፤ በሁለት እጅ ጠቅልላችሁ ብትይዙት ግን ከመሹለኩ በፊት ይበጠሳል። ቃጫም በፕላስቲክ ውስጥ የሚያዘው በጐኑ ስለ ሆነ አጭር ከሆነ መያዣ ያጣል። ብዙ ፋብሪካዎች ግን ድብልቁን የሚያቦኩት ጠመዝማዛ ዘንግ ባለው መኪና ነው፤ ያ ዘንግ ቃጫውን እየቈራረጠ ያሳጥረዋል። ሰጋቱራማ ከመጀመሪያውም አጭር ነው። ቃጫው እንደ ምንጣፍ ተነጥፎ ፕላስቲኩ በላዩ የሚጨመቅበት ዘዴ ርዝመቱን ስለሚጠብቅ የተሻለ ዕቃ ያስገኛል፤ ይሁን እንጂ በዚህ ዘዴ የሚወጣው ዝርግ ነገር እንጂ ውስብስብ ቅርጽ ያለው ዕቃ አይደለም። አቅጣጫም ይታሰብ። ቃጫው ሁሉ በአንድ ወገን ከተሰለፈ ድብልቁ በዚያ ወገን ይጠነክራል፤ በአግድሙ ግን እንደ ማገዶ እንጨት ይፈለጣል።

እንግዲህ ይህ ሁሉ ተደርጎ የሚገኘው ምንድን ነው? በፖሊፕሮፒሊን ውስጥ ከመቶ 30 ወይም 40 እጅ ቃጫ ሲገባ ግትርነቱ ሁለት ወይም ሦስት እጥፍ ይሆናል። አስታራቂው ኬሚካል ካልገባ ሲሳብ ያለው ጥንካሬ ባለበት ይቆማል፣ አንዳንድ ጊዜም ከባዶው ፕላስቲክ ያንሳል፤ አስታራቂው ሲገባ ግን ይጨምራል። በዚህ ሁሉ መካከል የሚጠፋ ነገር አለ፤ እርሱም መለጠጥ ነው። ባዶው ፖሊፕሮፒሊን ከመበጠሱ በፊት ከራሱ ርዝመት በላይ ሊሳብ ሲችል ቃጫ የገባበት ግን ከመቶ ጥቂት እጅ ያህል ተስቦ ይሰበራል። ባልዲ ወድቆ የማይሰበረው ስለሚለጠጥ ነው። ቃጫ የገባበት ባልዲ ግትር ይሆናል፤ ሲወድቅ ግን መሰንጠቁን መፍራት ያስፈልጋል። እንግዲህ ሻጩ «ሦስት እጥፍ ጠነከረ» ሲል ግትርነቱን ይሁን፣ ሲሳብ የሚችለውን ይሁን፣ ወይስ ሲመታ የሚችለውን ለይቶ እንዲጽፍ መጠየቅ ተገቢ ነው። ሦስቱ ሦስት የተለያዩ ነገሮች ናቸው።

ከጥንካሬው ይልቅ እኔን የሚያሳስበኝ የሙቀቱ ነገር ነው። በዚህ ላይ ብዙ ሰው ሲሳሳት ይታያል።

ሙቀት በሁለት ጊዜ ይታሰባል፤ ዕቃው ሲሠራና ዕቃው ሲያገለግል። ሲሠራ እንጀምር። ቃጫ በተፈጥሮው ውሃ በውስጡ አለበት፤ ደረቅ ሲመስል እንኳ ከክብደቱ ከመቶ አሥር እጅ ገደማ ውሃ ሊሆን ይችላል። ሳይደርቅ ወደ ቀለጠ ፕላስቲክ ከገባ ውሃው ተንኖ በድብልቁ ውስጥ አረፋ ይሠራል። እንጀራ ዐይን ሲያወጣ ደስ ይለናል፤ የፕላስቲክ ሳንቃ ዐይን ሲያወጣ ግን ስንጥቅ የሚጀምርበት ቦታ ነው። ስለዚህ ቃጫው አስቀድሞ በምድጃ መድረቅ አለበት።

ሙቀቱ እየጨመረ ሲሄድ ቃጫው ራሱ መጐዳት ይጀምራል። የዕፅዋት ቃጫ ከሴሉሎስ በቀር ሄሚሴሉሎስና ሊግኒን የሚባሉ ነገሮች አሉበት። ከእነዚህ ቶሎ የሚሸነፈው ሄሚሴሉሎስ ሲሆን 200 የሴንቲግሬድ ዲግሪ ካለፈ በኋላ መበስበስ ይጀምራል፤ ሴሉሎሱ እስከ 300 ገደማ ይታገሣል። ስለዚህ በፋብሪካው ዘንድ 200 ዲግሪ እንደ ድንበር ይቈጠራል። ለጥቂት ደቂቃ ቢታለፍ ቃጫው ይጠቍራል፣ ኃይሉ ይቀንሳል፣ የተቃጠለ ነገር ሽታም ይይዛል፤ ይህ ሽታ ለመኪና ውስጠኛ ክፍል የሚሠሩትን ፋብሪካዎች ብዙ አድክሟቸዋል።

ይህ ድንበር የትኛው ፕላስቲክ እንደሚመረጥ ይወስናል። ፖሊኤቲሊን ከ135 ዲግሪ በታች ይቀልጣል፤ ፖሊፕሮፒሊን በ165 ገደማ ይቀልጣል። እነዚህ ከቃጫ ጋር ሊኖሩ ይችላሉ። የውሃ ጠርሙስ የሚሠራበት ፔት የሚባለው ግን የሚቀልጠው 250 ዲግሪ ካለፈ በኋላ ነው፤ ለማሽን ጥርስ የሚሆነው ናይሎን 66 የሚባለውም 260 ገደማ ይፈልጋል። ስለዚህ በየመንገዱ የሚጣለውን የውሃ ጠርሙስ አቅልጠን ከቃጫ ጋር እንደባልቀዋለን የሚል ማመልከቻ ሲቀርብ፣ ሐሳቡ ቅን ቢሆንም፣ ቃጫው በቀለጠው ፔት ውስጥ እንዳይቃጠል ምን እንደ ታሰበ መጠየቅ ያስፈልጋል።

ዕቃው ሲያገለግልስ? እዚህ ላይ ቃጫው ውለታ ይሠራል። ባዶ ፖሊፕሮፒሊን ሸክም ተጭኖበት ሲሞቅ ከመቅለጡ ብዙ ቀድሞ፣ በ60 ዲግሪ ገደማ፣ መለስለስና መጐበጥ ይጀምራል። በድሬዳዋ ፀሐይ መስኮቱ ተዘግቶ የቆመ አውቶሞቢል ውስጥ ከመስታወቱ ሥር ያለው ገጽ ከ70 ዲግሪ ሊያልፍ ይችላል። ቃጫ ሲገባ መጐበጥ የሚጀምርበት ሙቀት በብዙ ዲግሪ ከፍ ይላል፤ ቃጫው እንደ አጥንት ሆኖ የለሰለሰውን ይይዛልና። «ሙቀት የሚችል» የሚለው ቃል እውነትነቱ በዚህ ነው። መቅለጫው ግን አልተለወጠም። ፕላስቲኩ በ165 የሚቀልጥ ከሆነ ቃጫ ገባበት ብሎ በ165 መቅለጡን አይተውም።

መስፋፋቱም ይቀንሳል። አራት ሜትር ርዝመት ያለው ባዶ ፖሊፕሮፒሊን ከ10 ዲግሪ ብርድ ወደ 50 ዲግሪ ሙቀት ቢሻገር ወደ 2 ሳንቲ ሜትር ይረዝማል። ከመቶ 50 እጅ የእንጨት ዱቄት ሲገባበት 1 ሳንቲ ሜትር ገደማ ወይም ከዚያ በታች ይሆናል። በዚያው ልክ ያለ ብረት የሚረዝመው 2 ሚሊ ሜትር ገደማ ብቻ ነው። አናጢው ሳንቃውን ያለ ክፍተት ጫፍ ለጫፍ ገጥሞ በምስማር ከቸነከረው በበጋ ቀን ወለሉ ይነሣል። ጥፋቱም የዕቃው ሳይሆን የገጣጠሙ ነው።

ለረዥም ጊዜ የተቀመጠ ሸክም ሌላ ጉዳይ ነው። በየመዝገብ ቤታችን ፋይል የተጫነባቸውን መደርደሪያዎች እናውቃለን። ፕላስቲክ ዛሬ የቻለውን ሸክም ከዓመት በኋላም ሊችል ይችላል፣ ነገር ግን በየወሩ ጥቂት ጥቂት እየጐበጠ ይሄዳል፤ ሙቀት ካለ ደግሞ ይፈጥናል። ቃጫ ይህን ጠባይ ይቀንሰዋል እንጂ አያጠፋውም። ስለዚህ ለምሰሶ፣ ለጣራ ማገርና ለደረጃ ተሸካሚ ይህን ዕቃ መግዛት አይገባም የምለው በፍርሃት አይደለም። ብረትና ደኅና እንጨት እያሉ ልብስ የሆነውን አጥንት ማድረግ ስለማያስፈልግ ነው።

ስለ እሳትም ባጭሩ ልናገር። ፕላስቲኩም ይነዳል፤ ቃጫውም ይነዳል፤ ሁለቱ ሲደባለቁ እሳት የማይነካው ነገር አይወጣም። እሳት የሚያቀዘቅዙ ማዕድናት ሊጨመሩ ይችላሉ፤ ከእነዚህም አንዱ፣ አሉሚኒየም ሃይድሮክሳይድ የሚባለው፣ ሲሞቅ ውሃ እያወጣ ነበልባሉን ያደክማል። ነገር ግን ብዙ መጨመር ስላለበት ጥንካሬውን ይቀንሳል። ለሕዝብ አዳራሽ ግድግዳ የሚገዛ ከሆነ የእሳት ፈተናውን ወረቀት ሳያዩ መፈረም አይገባም።

አሁን ወደ ውሃ እንመለስ። ጭቃ ቤት ብዙ ዘመን የሚቆየው የጣራው ክፈፍ ዝናቡን ስለሚከላከልለት ነው፤ ክፈፉ ያጠረ ቤት ግድግዳው ይበላል። ቃጫ የገባበት ፕላስቲክም እንዲሁ ነው። ፕላስቲኩ ቃጫውን ሸፍኖ እስከ ያዘ ድረስ ውሃው የሚገባው በጣም በዝግታ ነው። ነገር ግን ሳንቃው በመጋዝ ሲቈረጥ ወይም በብሎን ሲበሳ የቃጫው አፍ ይከፈታል። ቃጫው በመካከሉ ባዶ ቱቦ ስላለው ውሃውን እየመጠጠ ያብጣል፣ በበጋ ይሸሻል፣ ደግሞ በክረምት ያብጣል። ይህ መመላለስ ከፕላስቲኩ ጋር የነበረውን መያያዝ ያላቅቀዋል፤ ከዚያ በኋላ ሻጋታ ይገባል። ስለዚህ የጥንካሬው ቍጥር በደረቅ ዕቃ ላይ የተለካ ብቻ እንዳይሆን፣ ለብዙ ቀን ውሃ ውስጥ ከቆየ በኋላም ተለክቶ እንዲቀርብ በጨረታው ውስጥ ቢጻፍ መልካም ነው። አንድ ዐረፍተ ነገር ነው፤ የሚያድነው ገንዘብ ግን ቀላል አይደለም።

ይህ ነገር አገራችንን የሚነካው በገዢነት ብቻ አይደለም። በሲዳማ፣ በጉራጌ፣ በሀድያ፣ በከምባታ፣ በጌዴኦና በሌሎችም የደቡብ አገሮች እንሰት ይተከላል። እናቶች እንሰቱን ጣውላ ላይ አጋድመው ሲፍቁት ቆጮና ቡላ የሚሆነው ወደ ታች ይወርዳል፤ ቃጫው በእጃቸው ይቀራል። ይህ ቃጫ ለገመድ፣ ለጆንያና ለቤት ማሰሪያ ሲያገለግል ኖሯል። ሰው ሠራሽ ገመድ ገበያውን ከተሻማው ወዲህ ግን ሌላ ሥራ ቢፈለግለት መልካም ነው። የዩኒቨርሲቲዎቻችን ተመራማሪዎችም የእንሰትን ቃጫ ከልዩ ልዩ ሙጫና ፕላስቲክ ጋር እየደባለቁ ጠባዩን ሲመረምሩ ቆይተዋል።

ነገሩ ሕልም ብቻ አለመሆኑን የሚያሳይ አንድ ምሳሌ አለ። በፊሊፒንስ አገር አባካ የሚባል ተክል ይበቅላል፤ የሙዝ ዘር ነው፤ እንሰትም ከሙዝ ቤተ ሰብ ስለ ሆነ ሁለቱ ዘመዳማቾች ናቸው። በ2000ዎቹ አጋማሽ ላይ አንድ የጀርመን አውቶሞቢል ፋብሪካ የአባካን ቃጫ ከፖሊፕሮፒሊን ጋር ደባልቆ ከመኪናው ሥር ያለውን የትርፍ ጎማ መሸፈኛ ሠራበት። ያ ቦታ ዝናብና ጭቃ፣ ከመንገድ የሚፈናጠርም ጠጠር የሚመታው ነው። እስከዚያ ጊዜ ድረስ የዕፅዋት ቃጫ በአብዛኛው ከመኪናው ውስጥ አይወጣም ነበር።

የአባካ ዕድል ለእንሰት ይደርስ ዘንድ የሚጐድለን የቃጫው ጥንካሬ አይመስለኝም፤ የሚጐድለን እኩልነቱ ነው። አንዷ ባለቤት የስድስት ዓመት እንሰት ትፍቃለች፤ ጎረቤቷ የአራት ዓመቱን ትፍቃለች። አንዷ በጥላ ታደርቃለች፤ ሌላዋ በፀሐይ። ከግንዱ ውጭ በኩል የሚገኘው ቃጫና ከውስጡ የሚገኘው አንድ ዐይነት አይደለም። ገመድ ለሚሠራ ሰው ይህ ችግር የለውም፤ በእጁ እየዳሰሰ ይመርጣል። መኪና ግን አይዳስስም። ፋብሪካ ዛሬ የገዛው ቃጫ ባለፈው ወር ከገዛው ጋር እኩል ካልሆነ ዕቃው አንድ ቀን ይጸናል፣ አንድ ቀን ይሰነጠቃል። ስለዚህ የመጀመሪያው ሥራ ውድ መኪና ከውጭ ማስመጣት ሳይሆን በየወረዳው ቃጫ የሚረከብ፣ በርዝመት፣ በንጽሕናና በድርቀት በየደረጃው የሚለይ፣ ለተሻለውም የተሻለ ዋጋ የሚከፍል ሰው ማቆም ነው። ለቡና ደረጃ አውጥተናል፤ ለቃጫ የማናወጣበት ምክንያት አይታየኝም። ዋጋውም የፋቀችው ሴት እጅ ካልደረሰ ቃጫውን አጥባ በጥላ እንድታደርቅ የሚያደርጋት ነገር የለም።

በመጨረሻ «ከተፈጥሮ የተገኘ» የሚለው ቃል ቀርቷል። ቃጫ መሬት ላይ ቢወድቅ ይበሰብሳል፤ ፖሊፕሮፒሊን ግን አይበሰብስም፤ ስለዚህ የሁለቱ ድብልቅ ተጥሎ ወደ አፈር የሚመለስ ዕቃ አይደለም። ፕላስቲኮች በሁለት ወገን ይከፈላሉ፤ አንደኛው ወገን እንደ ሰም ሲሞቅ ይቀልጣል፣ ሲቀዘቅዝ ይጠነክራል፤ ሁለተኛው ወገን እንደ ተተኰሰ ሸክላ አንድ ጊዜ ከጠነከረ አይመለስም። ፖሊፕሮፒሊን ከሰሙ ወገን ስለ ሆነ ቃጫ ቢኖርበትም ተፈጭቶ እንደገና ሊሠራ ይችላል፤ በየጊዜው ግን ቃጫው እያጠረና እየጠቈረ ይሄዳል። የትራባንት ልብስ ከሸክላው ወገን ነበረ። በ1990ዎቹ ባለቤቶቹ አዲስ መኪና እየገዙ ትራባንቱን ሲተዉት ብረቱ ቀልጦ ለሌላ ሥራ ዋለ፤ በሮቹና ጣራዎቹ ግን አይቀልጡም፣ ቢቃጠሉም መጥፎ ጭስ ያወጣሉ። ተፈጭተው ለሌላ ነገር መሙያ ከመሆን በቀር ብዙ መንገድ አልተገኘላቸውም። እንግዲህ ዕቃው ሲገዛ ሻጩ ካለቀ በኋላ ማን እንደሚረከበው፣ በስንት ዋጋስ እንደሚረከበው አብሮ እንዲጽፍ ማድረግ የሚቻለው ውሉ ሳይፈረም ነው።